የረገጥኩት እግር

እናቴ በእግሬ ነው የወለደችኝ። ቀድሞ የወጣው ግራ እግሬ እንደ ነበር፣ አዋላጇም «ይሄስ ቆሞ ነው የመጣው» ብላ እንደ ሳቀች ስትናገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በእግሩ የተወለደ ሰው የታመመ ወገብ ቢረግጥ ያድናል ይባላል። ስለዚህ ሰው ላይ ብወጣ የማልከብድ ሕፃን ሳለሁ ጀምሬ የጎረቤት ወገብ ስረግጥ አደግኩ።

አሰብ ደግሞ ወገቡን የሚያመው ሰው የሞላበት ከተማ ነበር። ወደቡ ገና ለሁለቱም አገር ይሠራ ስለ ነበር ከአዲስ አበባ የሚመጡት ከባድ መኪናዎች ከከተማው ዳር ተሰልፈው ይውላሉ። ሾፌሮቹ ያን ሁሉ መንገድ ተቀምጠው ይነዳሉ፤ ከደረሱም በኋላ ጭነት እስኪደርሳቸው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ከሰልፉ አጠገብ ባለ ጎሚስታ ቤት ጎማ እለጥፍ ነበር። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሾፌር ወገቡንም ሳያስረግጥ አይሄድም። ካርቶን ዘርግቶ በሆዱ ይተኛል፤ እኔ ጫማዬን አውልቄ እወጣበታለሁ።

«ቀስ በል እንጂ፣ ተሳቢ መሰልኩህ?» ይላል የተኛው።

«ዝም ብለህ ተኛ። ትርፍ ጭነት የለመድክ ሰው አይደለህ?» ይለዋል ተራውን የሚጠብቀው።

ተረከዜን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ እያሳረፍኩ ከታች ወደ ላይ እሄዳለሁ። ሲነሱ «ተፈታልኝ» ይላሉ። እውነትም ተፈቶላቸው ይሄዱ ነበር። በእግሬ አምን ነበር። ይህን ማለት አለብኝ፤ ካላልኩ የሚቀጥለው አይገባም።

ታላቅ ወንድሜም ሾፌር ነበር። ጋሼ ነው የምለው። አባታችን መምህር ሆኖ ተመድቦ ቤተሰቡን ወደ አሰብ ካመጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ስለ ሞተ፣ እህቴንና እኔን ያሳደገን ጋሼ ነው። ደብተር የገዛልኝ እሱ ነው፤ ስሰንፍ የቆነጠጠኝም እሱ ነው።

ሾፌሮች የሚቀልዱበት አንድ ነገር ነበራቸው። የሾፌር ግራ ባት ከቀኙ ይወፍራል ይላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን ስለሚረግጥ። «የፍሪሲዮን እግር» ይሉታል። ቁምጣ የለበሰ ሰው ካዩ እግሩን አይተው ስንት ዓመት እንደ ነዳ ይገምታሉ። ስለዚህ ጋሼ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግራ እግሩን እየጎተተ ወደ ግቢ ሲገባ ማንም አልደነገጠም።

በዚያ ጉዞ በረሃው መሐል፣ ደባይሲማ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ነበር። ረዳቱ መለዋወጫ ሊያመጣ በሌላ መኪና ወደ አሰብ ሲመጣ፣ እሱ ጭነቱን እየጠበቀ አንድ ቀን ከግማሽ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። ውጭ መቆም የሚቻል አልነበረም። ውሃውም ቀድሞ አልቆበታል።

«የፍሪሲዮን እግርህ ወፍሯል ጋሼ» አልኩት።

«እግሬስ ወፍሯል። የከሳሁት እኔ ነኝ» አለኝ።

ግቢ ውስጥ፣ ጥላው ሥር ባለው የገመድ አልጋ ላይ በሆዱ ተኛ። ሱሪውን ሰበሰብኩለት። ባቱ ያብረቀርቅ ነበር። በእጄ ስነካው ይሞቃል። በአውራ ጣቴ ስጫነው የጣቴ ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። አይቼዋለሁ። አላየሁም ማለት አልችልም። ግን ያየሁትን አላወቅኩትም። የሰሊጥ ዘይት ቀብቼ መጀመሪያ በእጄ አሸሁት፤ ከዚያ በተረከዜ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ጉልበቱ ረገጥኩት። ጋሼ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። በመጨረሻ «እሰይ፣ አሁን ለቀቀኝ» አለ።

ተነስቶ ተቀመጠ። ውሃ ጠጣ። ሊታጠብ ወደ ግቢው ጥግ ሦስት ወይ አራት እርምጃ ሄደና ግድግዳውን ያዘ። ዞሮ አየኝ። የተገረመ ሰው ይመስል ነበር። «አየር» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ይህን ቶሎ ልለፈው። በታክሲ ሆስፒታል አደረስነው። ሲደርስ ሞቶ ነበር።

እናቴ ከደጅ ከሴቶቹ ጋር ስታለቅስ፣ የተቀበለን ሐኪም እኔን ወደ ውስጥ ጠራኝ። አጭር፣ ወጣት ሰው ነው፤ አማርኛው ትግርኛ ትግርኛ ይላል። አንሶላውን ከጋሼ እግር በኩል ገልጦ፣ ከሁለቱም ጉልበቶች በታች አንድ መዳፍ ያህል ለካና፣ የልብስ ሰፊ ሜትር በሚመስል ጨርቅ የባቶቹን ዙሪያ ለካ። ግራው ይበልጣል።

«እግሩን ያመው ነበር?» አለኝ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። እንደ ረገጥኩለት ስነግረው እንደ መልካም ሥራ ነበር የነገርኩት። ሐኪሙ ሜትሩን ጠቅልሎ ከአግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ሥራዬን ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ናፍታ ታንክ ውስጥ ዝቃጭ ሲጠራቀም አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ታንኩ ሲናጥስ?»

«ዝቃጩ ይነሳል። ፊልትሮውን ይዘጋዋል። ሞተሩ ይጠፋል።»

«በወንድምህ እግር ውስጥ ደም ረግቶ ነበር» አለ። «ረጅም ጊዜ የተቀመጠ፣ ውሃ የጠማው ሰው እንዲህ ይሆናል። ከእግር የሚመለሰው ደም በልብ ቀኝ በኩል አልፎ ሳንባ ይገባል። ፊልትሮው፣ ማጣሪያው፣ ሳንባ ነው። የረጋው ደም ተነስቶ እዚያ ሲደርስ መንገዱን ዘጋው። ልቡ የተዘጋውን ሊገፋ ሞከረ፤ አልቻለም።»

«ያነሳሁት እኔ ነኝ?»

«ሳትነካውም ሊነሳ ይችል ነበር» አለ። «ከአልጋው ሲወርድም ሊነሳ ይችል ነበር። እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም። ያበጠ ባት ግን ከእንግዲህ እንዳትረግጥ።»

«አላውቅም» ማለቱንም፣ «እንዳትረግጥ» ማለቱንም በአንድ ጆሮ ነው የሰማሁት። አብሮኝ የቀረው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ለእናቴ «ልቡ ነው አሉ» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። እሷ ለለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ታጽናና ነበር። «ቢሞትም ደስ ብሎት ነው የሞተው። ወንድሙ እግሩን ረግጦለት፣ ለቀቀኝ ብሎ ተነስቶ» ትላለች። ድንኳኑ ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንዳለችው አላውቅም። በየጊዜው ሰዎች ዞረው እግሬን ያያሉ። «ተባረክ» ይሉኛል።

ከዚያ በኋላ የማንንም ወገብ አልረገጥኩም። ሾፌሮቹን ጉልበቴን አመመኝ አልኳቸው። አንዱ «እንግዲያ አንተን ማን ይርገጥህ?» አለኝ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

አንድ ቀን የባዮሎጂ ደብተሬን ከሣጥን አወጣሁ። የልብን ሥዕል በሁለት ቀለም ስዬው ነበር። ቀስቶቹ ከእግር ተነስተው ወደ ልብ ቀኝ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ይሄዳሉ። በፈተና መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ የልክ ምልክት አድርጎበታል። ያ ሁሉ እውቀት በእጄ ነበር። ደብተሩን ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩና ሐኪሙን አስጠራሁት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሦስት ወይ አራት ጊዜ አስተማረኝ። የረጋ ደም በምን እንደሚታወቅ፣ ሳንባ ሲደርስ ሕመምተኛው ምን እንደሚል፣ ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ። እኔ እየጻፍኩ እደግመዋለሁ። ሐኪም ልሆን አልነበረም። ሁለተኛ አይቼ እንዳላልፍ ነበር።

የጋሼ ሙት ዓመት ሳይደርስ እህቴ ወለደች። እሷም ከእኔ ትበልጣለች፤ እታለም እላታለሁ። ባሏ ሾፌር ነው፤ ስትወልድ መንገድ ላይ ነበር። የታረሰችው እኛ ቤት ነው። ሐምሌ ነበር። የአሰብን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ራሱ ከእሳት ዳር የመጣ ይመስላል ብለው ይበቃል። እናቴ ግን በአገሯ ሥርዓት በሩን ዘግታ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ፣ ቬንትሌተሩን ከክፍሉ አውጥታ እኔ ጋ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ብርድ አሰብ መጥቶ አያውቅም እኮ» ትላለች እህቴ።

«አራስ ስትኖር ፈልጎ ይመጣል» ትላለች እናቴ።

ከአልጋ መውረድም አልተፈቀደላትም። ቀዝቃዛ ውሃ ሆድ ያሳምማል ተብሎ የምትጠጣው ትኩስ አጥሚት ብቻ ነው፤ እሱንም በዚያ ሙቀት ግማሹን ትተወዋለች። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት እናቴ ጎሚስታ ቤት ድረስ ሰው ላከችብኝ።

ስደርስ የሰሊጥ ዘይቱን በሳህን አሙቃ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«እግሯን ብርድ መቷታል። ግባና እሽላት፤ ከዚያ በእግርህ ረገጥ ረገጥ አድርግላት» አለችኝ።

ገባሁ። እህቴ ሕፃኑን አቅፋ ትራስ ተደግፋለች። ልብሱን ከእግሯ ላይ ገለጥኩ። ግራው አብጧል። ያብረቀርቃል። እጄን ሳሳርፍበት ይሞቃል። አንድ መዳፍ ከጉልበቷ በታች ለክቼ በሲባጎ የቀኙን ባት ዙሪያ ለካሁ፤ ያንኑ ሲባጎ በግራው ሳዞረው ሁለት ጣት ያህል አልደርስ አለ።

«ልብስ ልታሰፋልኝ ነው?» አለች እህቴ።

«እታለም፣ አየር ስትስቢ የሚወጋሽ ቦታ አለ?»

ቀልዷን ተወች። «ከትናንት ጀምሮ። እዚህ ጋ፣ ከጎኔ። ትንፋሼን ሳልጨርስ ይመልሰኛል።»

«ውጋት ነው» አለች እናቴ ከኋላዬ። «አራስ ውጋት አያጣትም። ፌጦ ሰጥቻታለሁ። አንተ እግሯን ያዝ።»

ውጋት። እኛ ቤት ስንት ነገር በዚህ አንድ ቃል ይጠራል። ሰው ሲሮጥም ውጋት ነው፣ ሳንባው ሲታመምም ውጋት ነው፣ ብዙ ሲበላም ውጋት ነው። እኔ ግን እግሩ ካበጠ ሰው አፍ ይህ ቃል ሲወጣ ምን ማለት እንደ ሆነ ጽፌ ደጋግሜዋለሁ። የረጋው ደም ተነስቷል ማለት ነው። ጥቂቱ ሳንባዋ ደርሷል። የቀረው እግሯ ውስጥ ነው።

«አልነካውም። ሆስፒታል እንሂድ» አልኩ።

«አራስ በዘጠኝ ቀኗ ፀሐይ ላይ አትወጣም።»

«እማ፣ መሄድ አለባት። አሁን።»

«ለመንገደኛ ሁሉ ስትረግጥ ኖረህ ለእህትህ ጊዜ እግርህ ከበደህ?» አለችኝ። ዘይቱን ወደ እኔ ዘረጋች። «ለወንድምህ እንኳ ረግጠህለት አይደል፣ ለቀቀኝ ብሎ...»

«ለቀቀኝ ያለው ለዚያ ነው» አልኩ።

ሳህኑን እንደ ዘረጋች አየችኝ።

ከዚህ በፊት እንዴት እንደምነግራት ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። ያሰብኩት አንዱም አልመጣልኝም። «ደሙ እግሩ ውስጥ ረግቶ ነበር። እኔ ስረግጠው ተነስቶ ሳንባው ገባ። ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮኛል። አሁን የእታለም እግርም እንደዚያው ነው። ከነካሁት ትሞታለች» አልኳት።

እህቴ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እናቴ ሳህኑን ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ነጠላዋን አንስታ፣ እኔን ሳታየኝ፣ «መኪና አምጣ» አለች።

ታክሲ ውስጥ ተጣጥፋ መቀመጥ ስለሌለባት ከሰልፉ አጠገብ የቆመ የአንድ ሾፌር ፒክአፕ ለመንኩ። እግሯን ወደ መሬት እንዳታወርድ፣ ከነአልጋዋ ሁለት ሾፌሮች አንስተው ጫኗት። አንደኛው «ይህን ያህል ቀላል ጭነት አንስቼ አላውቅም» አላት። ሳቀችና ወዲያው ጎኗን ይዛ አቋረጠችው።

የተቀበለን ያው ሐኪም ነው። አላስጨረሰኝም። የልቧን ምት ቆጠረ፤ ፈጣን ነበር። ደረቷን አዳመጠ። ባቶቿን እኔ እንደ ለካሁት ለካ። ራጅ አስነሳት። የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚጽፈውን ማሽን ሽቦዎች ደረቷ ላይ ለጠፈና የወጣውን ረጅም ወረቀት በመስኮቱ ብርሃን አየው።

ራጁ ሲመጣ እናቴ ቀድማ ጠየቀች። «ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«ታዲያ ደህና ነቻ።»

«እናቴ፣ ምንም አለማለቱ ነው የሚያሳስበኝ» አላት። «የሳንባ ምች ቢሆን እዚህ ላይ ነጭ ነገር ይታይ ነበር። ሳንባው ንጹሕ ነው፤ እሷ ግን አየር ያጥራታል፤ እግሯ አብጧል፤ የልቧ ቀኝ ጎን ሲቸገር በወረቀቱ ይታያል። ደም ሥሩን ራሱን ፎቶ የሚያነሳ ማሽን እዚህ የለንም። እነዚህን ደምሬ ነው የምወስነው።»

መወሰኑ ቀላል አልነበረም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መርፌ፣ ሄፓሪን የሚሉት፣ ለአራስ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ከማኅፀኗ ደም ሊያፈስባት ይችላል። ሐኪሙ እናቴን የወሊዱ ደም ምን ያህል እንደ ቀነሰ ደጋግሞ ጠየቃት። እናቴ ሳታፍር፣ ቀን በቀን፣ ስንት ጨርቅ እንደ ቀየረች ጭምር ነገረችው። በደንብ ቀንሷል። «እንግዲያው እንጀምራለን» አለ። ከዚያ ለእህቴ «መርፌው የረጋውን አያቀልጠውም። አዲስ እንዳይጨመርበት ነው የሚያደርገው። የረጋውን ገላሽ ራሱ ቀስ እያለ ይበላዋል። ያንቺ ሥራ መተኛትና ውሃ መጠጣት ነው» አላት።

«ቀዝቃዛ ውሃ?» አለች እህቴ፣ እናቴን እያየች።

«ባሕሩን ብትጨርሺው ደስታዬ ነው።»

ሆስፒታሉ የነበረው መርፌ ለሁለት ቀን ያህል ብቻ የሚበቃ ነበር። ከቴሌ ቢሮ ወደ አዲስ አበባ ደውዬ የእህቴን ባል ካረፈበት አገኘሁት። ገዝቶ እንዲያመጣ የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል አስጻፍኩት። አንዱን ፊደል ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። «ትተርፋለች?» አለኝ። «መድኃኒቱ ከደረሰ ትተርፋለች» አልኩት። ሐኪሙ እንዲህ ብሎ አልነገረኝም። እኔ ነኝ ያልኩት፤ እምነቴም ነበር።

መርፌው መሥራቱ የሚታወቀው በአንዲት የመስታወት ቱቦ ነበር። ደሟን ቀድተው ቱቦው ውስጥ ያደርጉና፣ ሰዓት እያዩ ቀስ ብለው ያዘነብሉታል። የጤነኛ ሰው ደም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ረግቶ አልፈስም ይላል። መድኃኒቱ ሲሠራ ግን ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይቆያል። ቱቦው ገላ ያህል መሞቅ አለበት። «በሌላ አገር ውሃ ያሞቁለታል፤ አሰብ ግን አየሩን በነፃ ሰጥታናለች» አለ ሐኪሙ። የላቦራቶሪው ሰው ብዙ ሥራ ስለ ነበረው ቱቦውን መያዝ ለእኔ ተሰጠኝ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቱቦውን በመዳፌ ይዤ፣ በየደቂቃው እያዘነበልኩ፣ ከክፍሉ በር አጠገብ ቆሜ ነበር። ካንቀጠቀጥኩት ቆጠራው ይበላሻል። ከመጋረጃው ወዲያ እናቴ ሐኪሙን ስታናግር ሰማሁ።

«ዶክተር፣ ትልቁን ልጄን የገደለው ይሄ ልጅ ነው?» አለችው።

ቱቦውን አዘነበልኩ። ፈሰሰ።

«እናቴ፣ ያኔ የነገርኩትን ልንገርዎት። ደሙ ቀድሞ ረግቶ ነበር። በመነካቱ ሊነሳ ይችላል። ሳይነካ፣ ሲነሳ ሲቀመጥም ሊነሳ ይችላል። የቱ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።»

«ይህን ነግረውት ነበር?»

«ነግሬዋለሁ።»

«እና ይህን ሁሉ ወር ይዞት ኖረ።»

አዘነበልኩ። ፈሰሰ። የግድግዳው ሰዓት ከሚጠበቀው ደቂቃ አልፎ ሄደ። ደሙ አሁንም እንደ ውሃ ይሄዳል። ሐኪሙ መጋረጃውን ገልጦ ሲወጣ ቱቦውን ዘረጋሁለት።

«ስንት ሆነ?» አለ።

ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «መድኃኒቱ ይዟል» አለ።

እናቴ ከኋላው ቆማ ነበር። ቱቦውን እንጂ እኔን አላየችም። «ባይረጋ ነው ጥሩው?» አለች።

«ባይረጋ ነው ጥሩው» አልኳት።

የእህቴ ባል በሦስተኛው ቀን ደረሰ። መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳበት እንኳ ሌላ መኪና ላይ ተሳፍሮ ነው የመጣው፤ መድኃኒቱን በፎጣ ጠቅልሎ ከደረቱ አልለየውም። ልጁን ያየው መርፌውን ለሲስተሯ ካስረከበ በኋላ ነው። የአንድ መርፌ ሰዓት አልፎባት ነበር፤ ግን እህቴ አልባሰባትም። በሳምንቱ ውጋቷ ለቀቃት። «ለቀቀኝ» የሚለውን ቃል ስትናገር ከክፍሉ ወጣሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ተመለስኩ። ሐኪሙ ባቷን ለካ፤ ቀንሷል። ከዚያ መርፌው በሚዋጥ ክኒን ተተካና እንድትራመድ ተፈቀደላት። ክኒኑን ለወራት መዋጥ፣ በየጊዜውም ደሟን ማስመርመር ነበረባት። ጡት ማጥባት አልከለከላትም። እናቴ ክኒኑን በምትውጥበት ሰዓት ፊቷ ቆማ አፏን ታስከፍታት ነበር፣ እንደ ሕፃን።

ቤት ስንገባ ቬንትሌተሩ ወደ እህቴ ክፍል ተመለሰ። ማን እንዳስገባው አላየሁም፤ ከእናቴ በቀር ሰው አልነበረም።

እኔንና እናቴን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ስለ ጋሼ አላነሳችብኝም። አልተቆጣችም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለችኝም። ለቤት የሚመጣ ሰው ጋሼን ሲያነሳባት ግን የድሮውን ማጽናኛዋን አትደግምም። «ደሙ ረግቶበት ነው» ትላለች፤ «እግሩ ሲያብጥ ሐኪም ቢያየው ኖሮ መድኃኒት አለው።» ሴቶቹ ይጠይቋታል። ባትን እንዴት እንደሚለኩ በመዳፏ ታሳያቸዋለች። እኔ የምጨምረው አልነበረኝም፤ በትክክል ነው የምትናገረው።

የብርዱ ወር ሲገባ፣ ማለቴ በአሰብ ብርድ የሚባለው፣ አንድ ሾፌር ግቢያችን ድረስ መጣ። ወገቡን ይዞ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብሏል። ጎሚስታ ቤት እምቢ ስላልኩት በእናቴ ሊያስለምነኝ ነው የመጣው።

«ምንህን ነው?» አለችው።

«ወገቤን ነው እማማ። ቀጥ ብዬ መቆም አልቻልኩም።»

«ሱሪህን ሰብስብ።»

«ወገቤን ነው ያልኩት።»

«ሰምቻለሁ። ሁለቱንም ሰብስብ።»

ሰውዬው እኔን አየኝ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። እናቴ ጎንበስ ብላ በሁለት እጆቿ አንዱን ባት ያዘች፤ ከዚያ ሌላውን። በአውራ ጣቷ ቅልጥሙ ላይ ተጫነችና ጣቷ የተወው ጉድጓድ እንዳለ ዓይኗን አጥብባ አየች።

«ስትተነፍስ አይወጋህም?»

«ኧረ አይወጋኝም።»

«ጋቢና ውስጥ ያን ያህል ስትቀመጥ ወርደህ ትራመዳለህ?»

«ሞቃት ነው እኮ እማማ።»

«ቢሞቅም ወርደህ ተራመድ። ውሃ ያዝ።» ቀና አለች። ጥላው ሥር ምንጣፍ ዘረጋችለትና ወደ እኔ ዞረች። «ና ርገጠው» አለችኝ።

«ትቼዋለሁ እኮ እማ።»

«ወገቡን ነው። እግሩን አይቼዋለሁ፤ ሁለቱም እኩል ናቸው።»

ሰውዬው በሆዱ ተኛ። ጠብቃ ቆመች። ወጣሁበት።